«የ67 ቮልስ» የትኛዋ ናት? ፍሪሲዮኗ ሳይረገጥ ዋጋ አይጠራ

ያገለገለች ቮልስ ለሽያጭ ስትቀርብ ከደላላው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ዓመቷ ነው። «የ67 ናት፣ እጅ አልበዛባትም» ይባላል። ገዢው ቀለሟን ያያል፣ በሯን ከፍቶ ይዘጋል፣ ሞተሯ ሲነሳ ያዳምጣል፣ ከዚያም ዋጋ ይጠራል። የግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፎ ፔዳሉ የሚናገረውን የሚያዳምጥ ገዢ ግን ጥቂት ነው። በአንድ ስም በምትጠራው በዚህች ትንሽ መኪና ላይ የፍሪሲዮኑ አረጋገጥ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው መኪናዋ በእርግጥ የተባለላት ዓመት መሆኗን፣ ሞተሯ ተቀይሮ እንደሆነና ከግዢው በኋላ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠብቀው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መገመት ይችላል።

ጉዳዩ በተለይ ለምዕራብ ጎጃም ገዢ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ የተገዛች መኪና ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለመድረስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት አለባት። ባለቤቱ የፈረስ ቤት ሰው ከሆነ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ደጋ ዳሞት የሚወጣው መንገድ ይቀረዋል። እዚያ የተንሸራተተ ፍሪሲዮን መለዋወጫው የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ነው።

ገበያው ለምን ጠበበ?

እንደሚታወቀው የቀድሞዋ ቮልስዋገን ዛሬ በየትም አገር አትመረትም። የጀርመን ፋብሪካዎች ባለ ጣሪያዋን መኪና ማምረት ያቆሙት በ1978 ሲሆን፣ የመጨረሻዋ የወጣችው በሐምሌ 2003 ከሜክሲኮ ነው። እስከዚያ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 መኪናዎች ተመርተዋል። በአገራችን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። በመሆኑም ያሉት ቮልሶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ እንጂ አዲስ አይጨመርም። በእንዲህ ያለ ገበያ ሻጩ ዕድሜንና ትዝታን ይሸጣል፤ ገዢው ግን ብረቱን መግዛት አለበት።

የዓመቱ ወጥመድ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር ሁሉም ያስታውሰዋል። ያ «67» በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1974 ነው። የመኪና ሞዴል ግን የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ነው። ስለዚህ «የ67» የተባለችው መኪና የ1967 ሞዴል ልትሆን ትችላለች፤ በ1967 ዓ.ም. የተገዛች የ1974 ወይም የ1975 ሞዴልም ልትሆን ትችላለች። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በፍሪሲዮን ረገድ የሁለት ዓይነት መኪና ልዩነት ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ነው። በነሐሴ 1970 የተሠራች መኪና የ1971 ሞዴል ትባላለች።

ክርክሩን የሚፈታው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመሐለኛው የብረት ቱቦ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከፊት ደግሞ ከስኮርታው ጎማ ጀርባ ባለው ታርጋ ላይ ይጻፋል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት መደበኛ ቮልሶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 11 ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታል። በ117 የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ቁጥር የ1967 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ግን ቁጥሩ 10 አኃዝ ሆኗል። ስለዚህ በ115 የሚጀምር ቁጥር 9 አኃዝ ካለው የ1965፣ 10 አኃዝ ካለው የ1975 ነው። አኃዞቹን ሳይቆጥር ሦስተኛውን ብቻ ያነበበ ሰው በአሥር ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

ሁለት ዘር ፍሪሲዮን

ቮልስ በሁሉም ዓመታቷ ፍሪሲዮኗን የምታንቀሳቅሰው በካቦ ነው። ካቦው ከፔዳሉ ተነስቶ በመሐለኛው ቱቦ ውስጥ አልፎ፣ ከካምቢዮው በስተግራ ካለው ክንድ ላይ በባለ ክንፍ ዳዶ ይታሰራል። ልዩነቱ ያለው ከክንዱ ወዲያ ነው።

እስከ 1970 ሞዴል ድረስ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ኩሽኔታ በሹካው ላይ በመያዣ ሽቦ ተይዞ የሚወዛወዝ ነበር። ሹካው በቅስት ስለሚዞር፣ ኩሽኔታው ፕሬዠር ፕሌት በሚባለው ተጫኝ ሳህን መሐል ላይ ያለውን ቀለበት እየታከከ ይጫነዋል። አረጋገጡ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋም ድምፅ ያበዛል።

ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ የመሪ ቱቦ ተጨምሮ ኩሽኔታው በቱቦው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንሸራተት ተደረገ። ለዚህ የሚሆነው ፕሬዠር ፕሌት የመሐል ቀለበት የለውም። አረጋገጡ ወጥና የለዘበ ነው። የራሱ ድክመትም አለው፤ ቱቦው ከደረቀ ወይም ከተቧጠጠ ፔዳሉ መሐል ላይ ይይዛል፣ ከዚያም በድንገት ይለቃል።

ሁለተኛው ልዩነት የስፋት ነው። በ6 ቮልት ዘመን የነበሩት ትናንሽ ሞተሮች 180 ሚሊ ሜትር ሸራና 109 ጥርስ ያለው ፍላይ ዊል ነበራቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ 12 ቮልት ሲመጣ ጥርሱ 130 ሆነ፤ በ1500 እና በ1600 ሞተሮች ላይም ሸራው ወደ 200 ሚሊ ሜትር አደገ። ሰፊው ሸራ በዳገት አነሳስ ላይ ሙቀቱን የተሻለ ይችላል።

ሦስተኛው ልዩነት የስፕሪንጉ ነው። በአሮጌው ፕሬዠር ፕሌት ዙሪያውን የተደረደሩት ጥምዝ ስፕሪንጎች ፔዳሉን ወደ ታች በተረገጠ ቁጥር ያከብዱታል። በኋላ የመጣው እንደ ሳህን የተሠራ ወጥ ስፕሪንግ ግን እስከ መሐል ከብዶ ከዚያ ይቀላል። የኋለኛው ዓይነት ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉን እያከበደው ይመጣል። ስለዚህ «ፍሪሲዮኗ ጠንካራ ናት» የሚለው የሻጭ አነጋገር ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም፤ ሸራው ማለቁንም ሊናገር ይችላል።

እግር የማያምነው ሞተር

ከሃምሳ ዓመት በላይ በሠራች መኪና ላይ ሞተሩ ተቀይሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ፍላይ ዊሉ፣ ሸራውና ፕሬዠር ፕሌቱ ከሞተሩ ጋር ይሄዳሉ፤ ኩሽኔታውና ሹካው ከካምቢዮው ጋር ይቀራሉ። የ1960ዎቹ ካምቢዮ ላይ የ1970ዎቹ 1600 ሞተር የተገጠመ እንደሆነ ፕሬዠር ፕሌቱ እንደ ካምቢዮው ባለ ቀለበት መሆን አለበት። መካኒኩ ይህን ካላስተዋለ ኩሽኔታው በቀጥታ የስፕሪንጉን ጣቶች ይበላል። እንደዚሁም ባለ 130 ጥርሱ ፍላይ ዊል በ6 ቮልቱ ካምቢዮ ቤት ውስጥ ካልተሞረደለት ይነካል።

ስለዚህ የ1967 ሞዴል ተብላ አረጋገጧ እንደ 1973ቷ የለዘበ መኪና ስትገኝ፣ ገዢው ከመደሰቱ በፊት የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር አለበት። ቁጥሩ ከጀነሬተሩ መቆሚያ ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። የፊደሉ ምልክትም ይናገራል፤ ዲ ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱን 1200፣ ኤፍ ባለ 40ውን 1300፣ ኤች ባለ 44ቱን 1500፣ ኤዲ ደግሞ ባለ 50ውን 1600 ያመለክታሉ። ሞተሩ የተሻለ ሆኖ ሊብሬው ላይ ከሌለ፣ ትርፉ የሻጩ፣ ጣጣው የገዢው ነው።

የአምስት ደቂቃ ፈተና

ለፈተናው ጋራዥ አያስፈልግም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይበቃል።

አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ፔዳሉን በእጅ መግፋት። ክብደት እስኪሰማ ድረስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ምንም ከሌለው ኩሽኔታው ሁልጊዜ እየተጫነ ነው ማለት ነው፤ ራሱንም ሸራውንም ይጨርሳል። ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይላቀቅም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን አስነስቶ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጦ አራት አምስት ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ ማስገባት። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ እየጎተተ ነው። ፈተናው በኋላ ማርሽ የሚደረገው ሌሎቹ ማርሾች ያላቸው ማስማሚያ ጥፋቱን ሊሸፍነው ስለሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለና መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች ሸራው ይንሸራተታል። ይህ ፈተና ሸራውን ስለሚያሞቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል።

አራተኛ፣ ፔዳሉን ጥቂት ብቻ ነክቶ ማዳመጥ። ድምፁ በዚያን ጊዜ ከመጣ የኩሽኔታው ነው።

አምስተኛ፣ ዳገት ላይ መነሳት። መኪናዋ ስትነሳ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ወዲያው ሸራው ነው አይባልም። በካቦው ጫፍ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ረገብ ማለት አለበት፤ ቀጥ ካለ መኪናዋን ያንቀጠቅጣታል። የካምቢዮው መቀመጫ ጎማም ሲያልቅ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ግን ሸራው ላይ ዘይት ደርሶ ይሆናል።

በደጋ አገር የዳገቱ ፈተና ፈጽሞ የሚቀር አይደለም። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ ያህሉን ያጣል፤ ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ ወደ 27 ይወርዳል። ሹፌሩ የጎደለውን ለማካካስ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይይዛል። ሸራ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ሜዳ ላይ ደህና የመሰለ ፍሪሲዮን ወደ ፈረስ ቤት በሚወጣው ዳገት ላይ ሊያሳፍር ይችላል።

ከዋጋው ስንት ይቀነስ?

ጥፋት ሁሉ እኩል አይደለም። የነጻ እንቅስቃሴው ጉድለት በባለ ክንፉ ዳዶ በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል፤ ለዚህ ዋጋ ማስቀነስ ከንቱ ክርክር ነው። ካቦና ተጣጣፊ ቱቦ አነስተኛ ወጪ ናቸው። ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ አብረው ቢቀየሩ ይመረጣል። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ብቻ ስለሚያዝ የጉልበት ዋጋው እንደ ሌሎች መኪናዎች አይከብድም፤ ዋናው ወጪ ዕቃው ነው። ዕቃው ሲገዛ «የቮልስ ስጡኝ» ማለት አይበቃም። የካምቢዮው ዓመት፣ የሸራው ስፋትና የቀለበቱ መኖር አለመኖር ተለይቶ መነገር አለበት፤ ከተቻለ አሮጌው ዕቃ ተይዞ ይኬዳል። ዘይት ከደረሰበት ደግሞ የሞተሩና የካምቢዮው ጎሚኒዎች ወጪ ይጨመራል።

ፔዳሉ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በመሐለኛው ቱቦ ውስጥ ካቦውን የሚመራው ቀጭን ቧንቧ ከብየዳው ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚጠገነው ቱቦው ተቆርጦ ተከፍቶ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ጎልቶ መቀነስ ይገባዋል። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለ ደግሞ ክርክሩ የዋጋ መሆኑ ይቀራል፤ ወረቀቱ እስኪስተካከል ቀብድም ባይከፈል ይሻላል።

ይህ ትምህርት ለአዳዲሶቹ ትናንሽ መኪናዎች እንዳለ አይሠራም። ብዙዎቹ ፍሪሲዮናቸው በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ሸራው ሲያልቅ ራሱን ያስተካክላል፤ በነጻ እንቅስቃሴው ምንም አይናገርም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጭራሽ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። የቮልስ ጥሩነቷ ግን ገመናዋን አለመደበቋ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ከመልቀም ሻጩ ደጃፍ ላይ አምስት ደቂቃ መዘግየት ይረክሳል።