ስለ ሥዕል ፊልም ሽልማት ያለኝ አስተያየት

በአሜሪካ የሚሰጠው የኦስካር ሽልማት ለረዥም የሥዕል ፊልም፣ ማለት ለአኒሜሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1994 ዓ.ም. ለ«ሽሬክ» ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የላትቪያው «ፍሎው» ተሸለመ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በአኒ ሽልማት ምርጥ ፊልም የተባለው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» ስለ ነበረ፣ ኦስካርም ለእርሱ ይገባ ነበር የሚሉ አልታጡም።

እኔ ግን ፍርዱን እደግፋለሁ። በ«ፍሎው» ውስጥ ድመቲቱና ባልንጀሮቿ ከጎርፍ ሲሸሹ አንድም የሰው ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ የሲሬ ልጅ ኦሮምኛም ይናገር አማርኛ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ከዚህም በላይ የተሠራው ብሌንደር በተባለ፣ ያለ ክፍያ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ሥዕል የምትወዱ ጓደኞቼ ሆይ፣ ኮምፒዩተር እስኪገኝ በእርሳስ ጀምሩ፤ የአያቶቻችን ተረት ሠዓሊ ይጠብቃል።