ሳትልኪው አንብቢው

ልጄ፣ ፒያሳ ላይ ሱቅ ከፍተሽ ልብሱን በቴሌግራምና በቲክቶክ ስትሸጪ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔም እዚሁ ደሴ ፒያሳ ደብዳቤና ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ የሁለታችንም እንጀራ ቃል ነው። ቃል ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። ይህን ከሥራዬ ተምሬአለሁና ስሚኝ።

1. ሳትልኪው አንብቢው። አንዲት እናት ጅዳ ላለች ልጃቸው ደብዳቤ ያጽፉኝ ነበር። አንድ ቀን «ብር ሳትልኪ ሦስት ወር ሆነ፤ ረሳሽን ወይ? በልልኝ» አሉ፤ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ዝም አሉ። ከዚያ «እሱን አውጣው፤ ብቻዋን ሆና ነው የምታነበው። ኮኩ አብቧል በልልኝ» አሉኝ። ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት። የእኛ ደብዳቤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ያንቺ በቅጽበት ይደርሳል። ጊዜውን አንቺው ስጪው።

2. ቃል አታሳንሺ። ውጫሌ ከሐይቅ ወዲያ ናት፤ ሩቅ አይደለችም። እዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ የሚናገረው ስለ መላላክ ነበር። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ያ ልዩነት በ1888 አድዋ አደረሰን። ገበያም በቃል ይፈርሳል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» አትበዪ፤ ዋጋውንም ልኩንም ጻፊ። ያልሆነውን ኦርጅናል አትበዪ። በቴሌብር ከፈልኩ የሚልሽንም ስክሪንሹቱን ብቻ አይተሽ ዕቃ አትስጪ፤ ብሩ አንቺ ዘንድ መግባቱን እዪ።

3. ባለቤት የሌለውን ወሬ አታጋሪ። የጦርነቱን ጥቅምት 2014 አትረሺውም። ፌስቡኩ ግማሹ ደሴ ተያዘች፣ ግማሹ አልተያዘችም ሲል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው የጨነቀው ሰው ስንት ነበር! ያኔ የተሳሳተ ወሬ ያጋራ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቂ አይገኝም። «ማን አየ? የት ሆኖ? መቼ?» በዪ። መልስ ከሌለው ወሬው እጅሽ ላይ ይሙት።

4. ቅሬ ላይ ቆመሽ የማትናገሪውን አትጻፊ። ሌላው አገር ዕድር ይለዋል፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት። እዚያ የተናገረ ሰው ስሙም ፊቱም ይታወቃል፤ ካጠፋ ሽማግሌ ይቀጣዋል። ስሙን ደብቆ በስልክ ሃይማኖት የሚሰድበው ግን ሰድቦ ይሄዳል፤ ያጋራሽው አንቺ ነሽ ከጎረቤትሽ ጋር የምትቀሪው። ሕጉም አለ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚነዛ ሐሰተኛ መረጃን ቅጣት ያከብዳል። እኔን ግን ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የጎረቤት ዓይን ያስፈራኛል።

5. ሥራሽን በአንድ ገመድ አታንጠልጥዪ። በ2015 ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ቆየ። እንዲያ ባለ ጊዜ የሚተርፈው ደንበኛው በመልክ የሚያውቀው ነጋዴ ነው። የደንበኞችሽን ስልክ ደብተር ላይ ያዢ፤ ሰኞ ገበያ ውጪ፤ ኮምቦልቻ ያሉትንም አልፎ አልፎ ሐረጎን ወርደሽ ጠይቂያቸው።

6. የሩቁን ኑሮ በቪዲዮ አይተሽ አትመኚ። ደላላ ድሮ በር ያንኳኳ ነበር፤ ዛሬ በስልክሽ ይገባል። የጅዳን ፎቅ ያሳይሻል፤ በባቲ አድርጎ በአፋር በረሃ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን የሚያሻግረውን መንገድ አያሳይሽም። ሰው ሲጠፋ ገጹን ዘግቶ ይሰወራል። መጀመሪያ ሩቅ አገር ያለችውን እህትሽን ጠይቂ፤ እሷ ለቃሏ ባለቤት ናት።

7. የሚቀመጥ ቃል ላኪ። ከእህትሽ ጋር በኢሞ እየተያያችሁ ታወራላችሁ፤ ተመስገን ነው። እኛ ድምፅ ለመስማት ቴሌ ሄደን ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ነገር ግን «ደህና ነሽ? ደህና» ብቻ እንዳይሆን፤ አንዳንዴ ረጋ ብለሽ ስለ ቤቱና ስለ ሰፈሩ ጻፊላት። ያቺ የጅዳዋ ልጅ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ደብዳቤዬን ከቦርሳዋ አወጣችው፤ እጥፋቱ አልቆ በፕላስተር ተያይዟል። «አባባ፣ ስንቴ እንዳነበብኳት» ብላ በጣቷ ያሳየችኝ አንዲት መስመር ናት፤ ኮኩ አብቧል የምትለዋን።