አዲስ ዕቃ የተጨመረበት ኮምፒዩተር በሥራ መካከል ሲጠፋ ምክንያቱ እንዴት ይመረመራል?



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፤ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ስፍራና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተሩን አስከፍቶ አዳዲስ ክፍሎች ያስገባ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ስሞታ፤ «ገንዘብ አውጥቼ ካሳደስሁት በኋላ ባሰበት» የሚል ነው።

ጉዳቱ በማሽኑ ዋጋ ብቻ አይለካም። የዱቤ ሒሳቡ፤ የዝንጅብልና የቡና ግዥው፤ የፒችትሪው መዝገብ ሁሉ በውስጡ ይገኛል፤ በሚጻፍበት ቅጽበት ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ስለሆነም ከምርመራው አስቀድሞ መዝገቡን በሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፤ ዲስኩንም ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ በካዝና ማስቀመጥ ይገባል።

የምርመራው ዋና ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። የወር ሒሳብ አልገጥም ሲል አዋቂ ሒሳብ ያዥ መዝገቡን ሁሉ አይሰርዝም፤ ከመጨረሻው ትክክለኛ ሚዛን ወዲህ የገባውን እያንዳንዱን ይመረምራል እንጂ። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ራም፤ ግራፊክስ ካርድና ሃርድ ዲስክ በአንድ ቀን ተለውጠው ከሆነ፤ አንዱን አውጥቶ አሮጌውን በቦታው መልሶ ሁለት ሦስት ቀን ማሠራት ነው። ስለዚህ አዲሱ ክፍል ተፈትኖ እስኪታወቅ ድረስ አሮጌው አይሸጥም፤ አይጣልምም።

ቀጥሎ አጠፋፉን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፤ ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ እንደ መብራት ድርግም የሚል ከሆነ፤ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ኃይልና ሙቀት ናቸው። የፎቶግራፍና የባነር ሥራ ያላቸው ቤቶች የሚያስገቡት አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ሠሪው ኤንቪዲያም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። በአሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ውስጥ ግን 240 ወይም 300 ዋት ብቻ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ደብዳቤ ሲጻፍበት ደኅና ይሠራል፤ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ይጠፋል። ሥራ በጀመረ በሃያና በሠላሳ ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ መዞሩን፤ አቧራው መጠረጉንና በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መታደሱን መመርመር ነው።

ሁለተኛ፤ ሰማያዊ ወይም በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ጥቁር ገጽ ወጥቶ የስሕተት ቃል ከተጻፈበት፤ ቃሉን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት ይገባል። ይህ ብዙውን ጊዜ ወደ ራም፤ ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ዲስክ ያመለክታል። ራሞቹን አንድ በአንድ እያስገቡ በዊንዶውስ የሜሞሪ መመርመሪያ መፈተን ይቻላል፤ አንድ ስሕተት እንኳ ያሳየ ራም ለሒሳብ ሥራ አይታመንም።

ሦስተኛ፤ ኢቨንት ቪወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቢገኝ፤ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ያስረዳል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ይህን ብቻ አይቶ ፓወር ሰፕላይ የሚያስገዛ ጠጋኝ ቸኩሏል።

ስለ መብራትም ማሰብ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ የሱቁ አምፖልም አብሮ ከደበዘዘ፤ ጥፋቱ ከመስመሩ ሊሆን ይችላል። ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶም የሚጠፋ ከሆነ አስቀድሞ የዩፒኤሱን አቅም ማየት ይገባል፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት 650 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ በብዙዎቹ ዘንድ ከ400 ዋት በታች ነው። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ከዩፒኤሱ ላይ አይሰካም።

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀል። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ግን ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኃይል በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይከፈት።

ከቦምቤ ወደ ሶዶ ጠጋኝ ዘንድ የሚሄድ ሰው ማሽኑን ብቻ ይዞ አይሂድ። መቼ እንደ ጠፋ፤ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ፤ ምን እንደ ተለወጠና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ታየ በአንድ ወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የአዲሱን ክፍል ደረሰኝም ይጨምር። ክፍሉን ሲገዛም ስሙና ቁጥሩ፤ እንዲሁም የሚመለስበት የጊዜ ገደብ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ሻጩን ይጠይቅ። ይህ ወረቀት ለጠጋኙ የብዙ ሰዓት ድካም ይቀንስለታል፤ ነጋዴውንም የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛት ያድነዋል።