የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ሲደርስዎ

በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ መኪናዎን በጎረቤት የመኪና መግቢያ ፊት አቁመው ቅጣት (ዶኽ) ቢደርስዎ ለመክፈል አይቸኩሉ። የከፈለ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ዝም ብሎ ማስቀመጥም ዕዳውን ያበዛል።

በመኪና መግቢያ ፊት ማቆም ክልክል ነው። ሆኖም አንዳንድ ሰው ያለ ፈቃድ አጥሩን ከፍቶ፣ የመንገዱን ጠርዝ ራሱ ቀለም ቀብቶ «መግቢያዬ ነው» ይላል። ከእሱ ጋር አይጣሉ፤ ቅጣቱን የሚሰርዘው እሱ አይደለም። ወደ ምሕንድስና ክፍል (ማኽሌኬት ሃንዳሳ) ሄደው የቤቱን የግንባታ ፋይል (ቲክ ቢንያን) ለማየት ይጠይቁ። መግቢያው በተፈቀደው ፕላን ላይ ካለ ክርክሩን ይተዉት። ከሌለ የፕላኑን ቅጂና የቦታውን ፎቶግራፍ አያይዘው፣ ቅጣቱ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ የማሰረዣ ማመልከቻ ያስገቡ፤ መሰረዙ ግን የተረጋገጠ አይደለም። ፍርድ ቤት መቅረብ ከፈለጉ በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስታውቁ። የላኩበትን ደረሰኝ አይጣሉ።