ጀጎል ውስጥ ፎቶ ለማንሳት ስትወጡ

«ጎሕ ሳይቀድ ውጡ» የሚለው የፎቶ አንሺዎች ምክር ሐረር ላይ በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። በማለዳ ጀጎል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) ውስጥ ብትገቡ፣ መንገዶቹ ጠባብ፣ ግድግዳዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ፀሐይዋ የግንቡን ጫፍ ነክታ ትቀራለች፤ ታች የሚያልፈው ሰው ከጥላ አይወጣም። ስለዚህ ማለዳውን ለበሮቹ ስጡት። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች (ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር) እኔ የምመርጠው ኤረር በርን ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ብርሃን በቀጥታ ያርፍበታል፤ ከገጠር አትክልትና እንጨት ይዘው የሚገቡት ገበሬዎችም በዚያው ሰዓት ይደርሳሉ። ከበሩ ውጭ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ሰው ወደ እናንተ እስኪመጣ ጠብቁ።

ወደ ውስጥ የሚገባው ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ አንደኛውን ግድግዳ ታበራለች፤ የበራው ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ትይዩው ባለው ጥላ ላይ ይረጨዋል። ለስላሳ፣ ከጎን የሚመጣ፣ በስቱዲዮ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዓይነት ብርሃን ነው፤ እዚያ በነፃ ይገኛል። 5 ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ይጨልማል፤ ሻይ ጠጡ። ከሰዓት በኋላ የበርጫው (የጫት መቃሚያው) ጊዜ ሲደርስ መንገዱ ጭር ስለሚል በርና ግድግዳ ብቻ ማንሳት ለሚፈልግ ይመቻል። ሰው ለሚፈልግ ጠዋቱን የሚያህል የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የጀጎል ግድግዳ በኖራ የነጣ፣ ወይም በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በሮዝ ቀለም የደመቀ ነው። ካሜራ ግን የሚያየው ነገር ኖራ መሆኑን አያውቅም። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው ሥራው። ነጭ ግድግዳ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱ ግራጫ የሆነ ግድግዳና ዓይኑ የማይለይ ሰው ነው። ግድግዳው አምሮ፣ የተነሳው ሰው ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የኛን ፊት ከማንም በላይ ይጎዳል። ፎቶግራፍም ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ብዙ ሳይጨነቅ ያደገ ሙያ ነው፤ የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የኮዳክ ማተሚያዎች ቀለም የሚመዝኑት «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የዛሬው ካሜራ ብዙ ተሻሽሏል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ግን ውሳኔውን ለእሱ ብቻ አትተዉለት። እናንተ ወስኑ።

አደራረጉ ይኸው። ካሜራ የያዘ ሰው ኤክስፖዠር ማካካሻውን ወደ ፕላስ 1 ያውጣ፤ ግድግዳው ፍሬሙን ሙሉ ለሙሉ ከያዘው ከዚያም ትንሽ ይጨምር። ስፖት ሜትር ካለው በቀጥታ በጉንጭ ላይ ይለካ። በስልክ የምታነሱ ደግሞ ጣታችሁን ፊቱ ላይ አድርጋችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ጎትቱ። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ኖራ ነው፣ ነጭ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ግድግዳና ጥላ ውስጥ ያለ ፊት በአንድ ፍሬም ሲገናኙ ግን የትኛውም ማስተካከያ አያድናችሁም፤ አንድ እርምጃ ዞር በሉና ከሰውየው ጀርባ ያለው ግድግዳም ጥላ ውስጥ ያለ እንዲሆን አድርጉ።

ከዚያ ወዲያው ጥላ ውስጥ ገብታችሁ ምስሉን አሳድጋችሁ እዩ። የምትመረምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዓይን ብሌን ከዙሪያው ተለይቶ ይታያል ወይ? ካልታየ እንደገና አንሱ። «ቤት ገብቼ በኮምፒውተር አበራዋለሁ» አትበሉ። ከጨለማ ተጎትቶ የወጣ ፊት አመድማ ይሆናል፣ ነቁጥ ይወርረዋል፤ ያ ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም አንዴ ከጠፋ አይመለስም። በሮው (RAW) ፋይል ማንሳት ይረዳል፣ ግን ተአምር አይሠራም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከላይ ያመሰገንኩት ተረጭቶ የሚመለስ ብርሃን የግድግዳውን ቀለም ይዞ ነው የሚመጣው። ትይዩው አረንጓዴ ከሆነ ጉንጩ የታመመ ሰው ይመስላል፤ ሰማያዊም እንደዚያው። ሮዝ ግድግዳ ለጠይም ፊት ደግ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምፈልገው ፀሐይ የመታውን ነጭ ግድግዳ ነው፤ የሰውየውን ጀርባ ባለቀለም ግድግዳ አስደግፌ ፊቱን ወደዚያ ነጭ አዞራለሁ። ከኋላው ቀለም፣ በፊቱ ላይ ንጹሕ ብርሃን! ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ፎቷችሁ ይለወጣል።

መኪና ግርግር ላይ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በየሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ይሠራሉ። ጨርቁ ራሱ ቀለም ስለሆነ ጀርባ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ሥራ የያዘ እጅ ከተዘጋጀ ፈገግታ ይሻላል፤ ግን ሳትጠይቁ አታንሱ። ካሜራው አንገታችሁ ላይ ይንጠልጠል፣ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። «ሰላም አለይኩም እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ምን ይከብዳል? እምቢ ካሉ «እሺ እማማ፣ ይቅርታ» ብላችሁ እለፉ፤ በሩቅ ሌንስ ተመልሳችሁ እንዳትሰርቁ። በተለይ ሴቶችን፣ በመስጊድና በአዋች (በቅዱሳን መታሰቢያ ቦታዎች) አካባቢ ያሉ ሰዎችን ያለፈቃድ ማንሳት ነውር ነው። ዩኔስኮ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአምልኮ ቦታዎች እንዳሏት ጠቅሷል፤ ስለዚህ በየትኛውም ጥግ ብትቆሙ የአንዱ ጎረቤት ናችሁ። ከተማዋን የሚያውቅ አስጎብኚ ብትይዙ ይህን ሁሉ ያቀልላችኋል።

የሐረሪ ቤት የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ጫማችሁን አውልቁ፣ ፍላሹን አጥፉ። ቀዩ መደብ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን ተደርድሯል፤ ብርሃን የሚገባው በአብዛኛው በበሩ ነው። ከበሩ ጎን ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉና ብርሃኑ በትከሻችሁ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። በሩ ላይ ራሳችሁ ከቆማችሁ ያለውን ብርሃን የዘጋችሁት እናንተው ናችሁ።

ራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየም አትለፉት፤ የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ታዩበታላችሁ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ ራሱ እዚህች ከተማ ካሜራ ይዞ የሠራ አማተር ነበር። በ1883፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የራሱን ምስሎች ለቤተሰቡ ሲልክ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ሁሉም እየነጡ እንደሄዱ ጽፎላቸዋል። ቢሆንም ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ።

ማታ ጅብ የሚመገብበት ቦታ ትሄዳላችሁ፤ ማን ያልሄደ አለ? ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ፍላሽ አትጠቀሙ፦ የጅቡ ዓይን አረንጓዴ አምፖል ይሆናል፣ የመጋቢው ፊት ከልክ በላይ ይነጣል፣ ጀርባው ጥቁር ይሆናል። የባጃጅ ወይም የመኪና መብራት ከጎን እንዲመጣ ባለመኪናውን ለምኑት፤ አይኤስኦ 3200፣ ሹተር 1/125፣ ትኩረቱ በሰውየው ፊት ላይ። ጅቡ ራሱ ወደ ፊቱ ይመጣል።

ማታውኑ ፎቶዎቹን ወደ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡ።

ከዚያ የቀረው ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። ያነሳችኋቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር ተቀበሉና በዚያው ቀን ምስሉን ላኩላቸው። ስልክ ለሌላቸው እናቶች ግን በወረቀት አሳትሙ፤ ከተማው ውስጥ ማተሚያ ቤት አለ። ራሳችሁ ወስዳችሁ ስጧቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ፎቶ አንሺ ሲመጣ በሩ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው በዚህ ነው። እባካችሁ፣ ይህን አትዝለሉ።