የእስላም መንግሥታት ሰይፍና ጥሩር ዘመኑ እንዴት ይታወቃል?

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ብራና መመርመርን ስንማር፣ ብረትም እንደ ብራና የሚነበብ ምስክር መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በኢስታንቡል፣ በኒው ዮርክና በቶሮንቶ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት የእስላም መንግሥታት ሰይፎች ይህን ያስረዱናል። ነገር ግን ምስክሩ የሚናገረውን ከማይናገረው መለየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ቅርጹን እንመልከት። ብዙ ሰው የዐረብ ሰይፍ ሁሉ ጎባጣ ይመስለዋል፤ ሆኖም በእስልምና የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ሰይፉ ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለ ነበር። ጎባጣው ከመካከለኛው እስያ ፈረሰኞች ጋራ መጥቶ ቀስ በቀስ የተስፋፋ ነው። በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ካሉት ጥንታዊ ሰይፎች ብዙዎቹ በኦቶማኖች ዘመን አዲስ እጀታ ስለ ተደረገላቸው፣ በእጀታው የብረቱን ዕድሜ መገመት ያሳስታል።

ሁለተኛው ጽሑፉ ነው። ዓመተ ሒጅራ 836 ተብሎ ተቀርጾ ብናገኝ 622 መደመር አይበቃንም፤ የሒጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ 836 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1458 ሳይሆን 1432/33 ነው።

ዳሩ ግን ዓመቱ የምን ዓመት ነው? በእስክንድርያ በነበረው የማምሉክ ሱልጣኖች የጦር ግምጃ ቤት የአውሮፓ ሰይፎች በምርኮም በስጦታም ገብተው የዐረብኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። የተጻፈው ዓመት ወደ ግምጃ ቤቱ የገቡበት እንጂ የተሠሩበት አይደለም። ቢሆንም ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሰይፉ ከዚያ ዓመት በኋላ አለመሠራቱን ያረጋግጣልና፣ የአውሮፓን ሰይፍ የሚያጠኑ ሊቃውንት ሳይቀሩ ይመኩበታል።

ሦስተኛው ምልክት ነው። በኢስታንቡል የቅድስት ኢሬኔ ቤተ ክርስቲያን የኦቶማኖች የጦር ግምጃ ቤት ሆና ሳለ፣ በጥሩሩና በራስ ቁሩ ላይ የግምጃ ቤቱ ምልክት ይመታ ነበር። ቀዳማዊ ሱልጣን ሰሊም በ1514 በቻልዲራን ኢራኖችን ድል አድርጎ በ1517 ካይሮን ስለ ያዘ፣ ከሁለቱም አገር የተማረከው ዕቃ ይህንኑ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ምልክቱ የት እንደ ተቀመጠ እንጂ ማን እንደ ሠራው አይናገርም።

የሠሪውም ስም ቢሆን ያታልላል። የኢስፋሃኑ የአሳደላህ ስም የአንድ ሰው ዕድሜ በማይበቃቸው ዘመናት በተሠሩ ሰይፎች ላይ ይገኛል።

በቤተ መዘክር ካርድ ላይ የተጻፈ ሐሰተኛ ዓመት ወደ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ መማሪያ ክፍላችን ይገባል። እንግዲህ ከመስተዋቱ ፊት ስንቆም ብረቱ መቼ ተሠራ? ጽሑፉ መቼ ተቀረጸ? እጀታውስ መቼ ተለወጠ? ብለን እያንዳንዱን ለየብቻው እንጠይቅ።