የሚነፋ የዜማ መሣሪያ ስለሚሠሩ ጠቢባን

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 የላሜሕን ልጆች ሲቈጥር፥ ዩባል የዜመኞች አባት፥ ቱባልቃይን ደግሞ የናስና የብረት ሠራተኞች መነሻ እንደ ሆኑ ያስታውቃል። እናቶቻቸው ይለያዩ እንጂ የሁለቱም አባት አንድ ነው። ይህን ነገር በልጅነታችን በየኔታ ፊት ሆነን ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ነገር ግን ዜመኛውና ቀጥቃጩ ወንድማማች መሆናቸውን ልብ ያልን ጥቂቶች ነን። የመለከት ድምፅ በዐደባባይ ሲሰማ ደስ ይለናል፤ መለከቱን የቀጠቀጠውን ሰው ግን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል።

የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ አንድ ጊዜ ስለ መንግሥት ጉዳይ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ደርሶ ሳለ፥ የቀጥቃጭ ልጅ ከሁሉ ኋላ ብቻውን ተቀምጦ አየ። በዕረፍት ሰዓት ልጁ በእጁ የሠራውን ዋሽንት ከጉያው አወጣ። ጓደኞቹም ዋሽንቱን ተቀብለው በተራ ነፉበት፤ ልጁን ግን አላስጠጉትም። እኔም አይቼ ዝም ብዬ ተመለስሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ስለ ከበደኝ ይህችን ትምህርት ጻፍሁ። በውስጧ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ድምፅ ከምን እንደሚወጣ

እረኛ ዋሽንቱን ሲነፋ የሚያዜመው ሸምበቆው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚንቀጠቀጠውና ዜማ የሚሆነው በሸምበቆው ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ሸምበቆው ለአየሩ ቤት ነው። ቤቱ ረጅም ሲሆን አየሩ በዝግታ ይንቀጠቀጣልና ድምፁ ይወፍራል፤ ቤቱ አጭር ሲሆን ፈጥኖ ይንቀጠቀጣልና ድምፁ ይቀጥናል። በዋሽንት ላይ የሚበሱት አራት ቀዳዳዎች ሥራቸው ይኸው ነው፤ ጣት ከቀዳዳው ሲነሣ አየሩ በዚያ ይወጣልና ቤቱ እንዳጠረ ይቈጠራል።

እንቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እንቢልታዎችን ሦስት ሰዎች ይይዛሉ፤ አንዱ ሲያሰማ ሌላው እየተቀበለ ዜማውን በኅብረት ይሞሉታል። መለከትም ቀዳዳ የለውም፤ ነፊው ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት ጥቂት ድምፆችን ብቻ ያወጣበታል።

እንግዲህ የሠሪው ሥራ የአየሩን ቤት ርዝመትና ስፋት ማወቅ፥ ቀዳዳውንም በተገባው ስፍራ መብሳት ነው። ቀዳዳው በአንዲት የገብስ ፍሬ ያህል ከስፍራው ቢወጣ ዜማው ይበላሻል። በዚያን ጊዜ የሚወቀሰው ነፊው ነው፤ ዜማው ባማረም ጊዜ የሚመሰገነው ነፊው ነው። ሠሪው በሁለቱም አይታሰብም።

2ኛ፤ እንጨት ስለሚሠሩ

በጀርመን አገር ኑርንበርግ የምትባል ከተማ በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ኤራስሙስ ሽኒትዘር የሚባል ሠራተኛ በ1551 ዓመት በዚያች ከተማ የሠራው ትሮምቦን የሚባል የናስ መሣሪያ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያችው ከተማ ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የተባለ ሰው ከ1655 እስከ 1707 ነበረ። አባቱ ለአዳኞች ቀንደ መለከትንና የአውሬ ድምፅ የሚያስመስል ፉጨትን በመሥራት የሚኖር ነበር። ልጁም የአባቱን ሙያ ሳያፍርበት ይዞ አሳደገው፤ በ1700 ዓመት ገደማም ክላሪኔት የተባለው መሣሪያ ከእርሱ ቤት እንደ ወጣ ይነገራል። ከአዳኝ ፉጨት ተነሥቶ በነገሥታት አዳራሽ ወደሚሰማ ዜማ የደረሰ ሙያ ይህ ነው።

ዛሬ ለክላሪኔት የተመረጠው እንጨት ከአፍሪካ ቈላ የሚገኝ ጥቁር እንጨት ነው። አብዛኛው ከታንዛንያና ከሞዛምቢክ ይሄዳል፤ ዛፉ በእኛም አገር ቈላ ይበቅላል። ቁመቱ አጭር፥ ግንዱ ጠማማ ነው፤ ለመሣሪያ እስኪደርስም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንጨቱ ከክብደቱ የተነሣ በውኃ ላይ አይንሳፈፍም፥ ይሰጥማል እንጂ። ስለዚህ ሽማግሌ ያላስቈረጠውን ዛፍ የልጅ ልጁ ይሠራበታል ማለት ነው።

ሠሪው እንጨቱን ቈርጦ ወዲያው አይሠራበትም፤ ለዓመታት በጥላ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ በቶርኖ ላይ አድርጎ መካከሉን በጥቂቱ ይበሳዋል፤ እንደ ገና ያሳርፈዋል፤ ዘይት ያጠጣዋል፤ በመጨረሻም በትክክለኛው ልክ ያሰፋዋል። የቸኰለ እንደ ሆነ የነፊው ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ባገኘው ቀን እንጨቱ ይሰነጠቃል። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን ችኰላ ይጠፋል።

3ኛ፤ ናስ ስለሚሠሩ

ናስ ማለት መዳብና ዚንክ በእሳት ቀልጠው የተዋሐዱበት ነው። ለሚነፋ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከመቶው 70 እጅ ያህሉ መዳብ ይሆናል። ሠሪው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የናስ ገበታ በልኩ ይቈርጣል፥ ዳርና ዳሩን አገናኝቶ በእሳት ይበይዳል፥ ከዚያም በብረት መደገፊያ ላይ በመዶሻ እየደበደበ አፉን ያሰፋዋል። ናስ ሲደበደብ ይጠነክራል፤ ጠንክሮ ሳለ መደብደብ ቢቀጥል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪው በየጊዜው ወደ እሳት እየመለሰ ያለሰልሰዋል። መቼ መምታት፥ መቼም ማሳረፍ እንደሚገባ የሚያውቀው ከናሱ መልክና ከመዶሻው ድምፅ ነው። ቱቦውን ማጠፍ ሲፈልግ ውስጡን በዝፍት ወይም በእርሳስ ይሞላዋል፤ ባዶውን ቢያጥፈው ይጨማደዳልና። ከታጠፈም በኋላ አሙቆ የሞላበትን ያፈስሰዋል።

በቀደመው ዘመን የኤውሮፓ ጡሩምባም እንደ እኛ መለከት ጥቂት ድምፆች ብቻ ነበሩት። በ1818 ግን ሽቶልትሴልና ብሉሜል የተባሉ ሁለት ሰዎች በበርሊን ስለ አንድ አዲስ ብልሃት የመንግሥት ፈቃድ ተቀበሉ። ብልሃቱም በጣት የሚጫን ቍልፍ ነው፤ ቍልፉ ሲጫን አየሩ በተጨማሪ ቱቦ ዞሮ ያልፋልና የአየሩ ቤት ይረዝማል፥ ድምፁም ዝቅ ይላል። ዛሬ ጡሩምባ ብዙ ጊዜ 3 ቍልፍ አለው፤ በእነዚህም ዜማን ሁሉ ይጫወታል። በቍልፉና በማደሪያው መካከል ያለው ክፍተት ከጠጕር ይቀጥናል። ቢሰፋ ትንፋሽ ይወጣል፤ ቢጠብም ቍልፉ ይያዛል።

4ኛ፤ የአንጥረኛው ልጅ

ቴዎባልድ ቤም በ1794 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ከአንጥረኛ ቤት ተወለደ። የአባቱን ሙያ ተማረ፤ ኋላም ፍሉት የሚባለውን የኤውሮፓ ዋሽንት በመንፋት በቤተ መንግሥት አገለገለ። በ1831 ወደ ለንደን ሄዶ ቻርልስ ኒኮልሰን የሚባለውን ነፊ ሰማ። የኒኮልሰን ፍሉት ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ስለ ነበሩ ድምፁ እጅግ የበረታ ነበር። ቤም በዚህ አልቀናም፥ አሰበ እንጂ። ነገሩን ሲመረምር፥ በዘመኑ ቀዳዳዎች ይበሱ የነበረው ጣት በሚደርስበት እንጂ ዜማው በሚሻው ስፍራ እንዳልነበረ ተረዳ። ስለዚህ በ1832 ቀዳዳውን በተገባው ስፍራ በስቶ፥ ጣት የማይደርስበትንም በመክደኛና በቀለበት እንዲዘጋ አደረገ።

በዚህም አልረካም። በ50 ዓመቱ ግድም፥ የታወቀ ሠሪና ነፊ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ድምፅ ጠባይ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ተማረ። ከዚያም በ1847 ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን አዲስ ፍሉት አወጣ። ዛሬ በዓለም የሚነፋው ፍሉት በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ነው። በ1871ም የሥራውን ልክና ምክንያት በመጽሐፍ ገልጦ ለተከታዮቹ ተወ። ዩባልና ቱባልቃይን በአንድ ሰው ቤት ተገናኙ ማለት ይህ ነው፤ የአንጥረኛው እጅ፥ የዜመኛው ጆሮ፥ የተማሪውም ቍጥር በአንድነት ሠሩ።

5ኛ፤ በፓሪስ ተሠርቶ በሽለላ የተሰማው

አዶልፍ ሳክስ በ1814 በቤልጅግ አገር በዲናን ከተማ ተወለደ፤ አባቱም መሣሪያ ሠሪ ነበር። በ1842 ወደ ፓሪስ ሄደ፥ በ1846ም ሳክስፎን ለተባለው መሣሪያ ፈቃድ አገኘ። ሳክስፎን ገላው ናስ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ከመቃ ምላስ ስለሚነሣ ከእንጨት መሣሪያዎች ወገን ይቈጠራል። የፓሪስ ሠሪዎች ቀንተው ለብዙ ዓመት በዳኛ ፊት ከሰሱት። እርሱም ከአንድ ጊዜ በላይ ከስሮ፥ በ1894 በድኽነት ሞተ። ሥራው ግን ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ደረሰ።

በአገራችን የናስ መሣሪያ ማኅበር ይልቁንም የታወቀው በ1924 ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ ያዩአቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። ከዚያም በኋላ በነበረው ዘመን ጌታቸው መኩርያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን አሰምቶ በዓለም ታወቀ። የዲናኑ ሠራተኛ ልጅ የሐበሻን ፉከራ ከቶ ሰምቶ አያውቅም ይሆናል፤ ነገር ግን የእጁ ሥራ ያን ፉከራ ለመሸከም በቃ።

6ኛ፤ ለአስተማሪዎችና ለሽማግሌዎች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩት። ታቹ በአንጓው የተዘጋ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሦስት ሸምበቆዎች አምጡ። የውስጣቸውን ጥልቀት አንዱን 16፥ ሁለተኛውን 12፥ ሦስተኛውን 8 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቍረጡ። በአፋቸው ጠርዝ ላይ አግድመው ሲነፉባቸው፥ ልጆቹ ርዝመት ድምፅን እንደሚለውጥ በጆሯቸው ይሰማሉ። የ8ቱ ድምፅ ከ16ቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፥ ቀጥኖ ይሰማል፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ የአየሩ መንቀጥቀጥ ሁለት እጥፍ ይሆናልና። በዚህ አንድ ሥራ ሒሳብም፥ ዜማም፥ የእጅ ሙያም አብረው ይገኛሉ።

በመንደራችሁም የቀጥቃጭ ወይም የጠራቢ ልጅ ቢኖር፥ ቢላዋውን ለእርሱ ስጡት፤ ለጓደኞቹም እርሱ ያሳያቸው። አፄ ምኒልክ በ1908 ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን ከልክለዋል። ሆኖም ዐዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ዓይንን አያቀናም። ዓይንን የሚያቀናው ትምህርት ቤትና የሽማግሌ ምክር ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ቀጥቃጩን በማዕዳችሁ አስቀምጡት፤ ልጆች የሚያደርጉት አባቶቻቸው ሲያደርጉ ያዩትን ነውና።

ዋሽንቱን ተቀብሎ ልጁን መግፋት፥ ፍሬውን በልቶ ዛፉን እንደ መቍረጥ ነው። ያን ልጅ ባገኘው ዛሬ ዝም አልልም ነበር፤ እናንተ ግን በየቀኑ ታገኙታላችሁ።